ውሻ «በቃኝ» አይልም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)



ገጠር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ስትነሡ ውሻው ይከተላችኋል። «ሂድ! ተመለስ!» ትሉታላችሁ፤ አይሰማም። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሣችሁ ስትመስሉ ጥቂት ይሸሻል፤ ጭራውን ወትፎ የተመለሰ ይመስላል። ወንዙን ተሻግራችሁ፣ ዳገቱን ጨርሳችሁ ዞር ስትሉ የለም። ተገላገልን ብላችሁ መንገዳችሁን ስትቀጥሉ፣ ከፊታችሁ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ምላሱን አውጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። በአቋራጭ ቀድሟችኋል። የእኛ ቤቱ ቡቺ በዚህ ሙያ የተካነ ነበር። አባቴም በመጨረሻ ተሸንፈው «እንግዲህ ና፣ የራስህ ጉዳይ» ይሉትና አብሮን ይውላል። ማታ ስንመለስ ምድጃ አጠገብ ይወድቅና እስከ ማግስቱ ረፋድ አይነሣም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ሰዎች ነው። ውሻቸውን በድንጋይ አስፈራርተው የሚመልሱ ሳይሆኑ ስንቁን አሸክመው፣ ጫማ አጥልቀውለት፣ በረሃና ተራራ ይዘውት የሚገቡ ናቸው፤ ያውም ለአንድ ቀን ገበያ ሳይሆን ለሁለት ወር። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ አሪዞና ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

መንገዱ አሪዞና ትሬይል ይባላል። ከሜክሲኮ ድንበር ተነሥቶ ግዛቱን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆ ዩታ ድንበር ላይ የሚያልቅ የእግር መንገድ ነው። ርዝመቱ 800 ማይል፣ ወደ 1,290 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቀሌ መድረስ፣ ከዚያ ዞሮ ደሴን አልፎ መመለስ ማለት ነው፤ በእግር። ሐሳቡን ያፈለቀው ፍላግስታፍ በምትባል ከተማ ያስተምር የነበረ ዴል ሼዋልተር የሚባል መምህር ነው። በ1985 ኖጋሌስ ከምትባለው የድንበር ከተማ ተነሥቶ ዩታ ድረስ በእግሩ ሄደና፣ እንዲህ ያለ መንገድ ሊኖር እንደሚችል በእግሩ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሰው ሲያሰባስብ፣ ቢሮ ሲያንኳኳ ኖረ። በ2009 መንግሥት መንገዱን ከአገሪቱ ብሔራዊ የእግር መንገዶች ተርታ መዘገበው። መምህሩ በ2010 መጀመሪያ ላይ አረፈ። የመጨረሻዋ ቁራጭ ተገናኝታ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቀጠለው በ2011 መጨረሻ ነው። ሁለት ዓመት ቢቆይ ኖሮ ያያት ነበር።

በረሃ ሲባል ብዙዎቻችን አሸዋ ብቻ ይታየናል። አሪዞና እንደዚያ አይደለም። እንደ እኛው አገር ቆላና ደጋ የሚፈራረቅበት ምድር ነው። መንገዱ ጊላ ወንዝ አጠገብ ሲወርድ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ንጹሕ ቆላ ነው። ካይባብ የተባለው አምባ ላይ ሲወጣ ደግሞ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ጥድና በረዶ ያለበት ደጋ ነው። በመሐል ያሉት ተራሮች፣ እነ ሁዋቹካ፣ እነ ሪንኮን፣ እነ ሳንታ ካታሊና፣ ከበረሃው መሐል ብድግ ብለው የቆሙ ናቸው። ያገሩ ሰዎች የሰማይ ደሴቶች ይሏቸዋል፤ ባሕሩ በረሃው፣ ደሴቱ ተራራው መሆኑ ነው። ጠዋት ጥድ ሥር በብርድ ተንቀጥቅጦ የተነሣ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ እሾህ መሐል ላቡን ይጠርጋል። በሰሜን ያለው ደጋ በረዶው ሳይቀልጥ አይገባበትም፤ በደቡብ ያለው ቆላ ሙቀቱ ከገባ አይቻልም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ወይ በመጋቢት ከደቡብ ይነሣል፣ ወይ በመከር ከሰሜን ይወርዳል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የዚህን በረሃ ፎቶ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ይሄማ ቁልቋል ነው!» ይላል። ክንዱን ወደ ሰማይ ያነሣው ያ ትልቁ ዛፍ ሳጓሮ ይባላል። ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም፣ ከ150 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ አንዲት ክንድ ለማውጣት እንኳ ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከእኛ ቁልቋል ጋር ግን ዝምድና የለውም። የእኛው ሲቆረጥ ያ ዓይን የሚያጠፋው ነጭ ወተት ይፈስሰዋል፤ ሳጓሮ ወተት የለውም። ሁለቱም የተመሳሰሉት ድርቅ አንድ ዓይነት ልብስ ስላሰፋላቸው ነው። የሳጓሮ እውነተኛ ዘመድ በለስ ነው፤ የትግራዩ በለስ። እሱም መሠረቱ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ነው አገሬው የሆነው።

ወደ ውሻው እንመለስ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሰው በሙቀት ሲሄድ ሰውነቱ በሙሉ ያልበዋል። ላቡ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ከእንስሳት ሁሉ በቀትር ፀሐይ ረጅም መንገድ በመሄድ የሰውን ያህል የሚችል እምብዛም የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው ውሻ ከእኛ ይበልጥ ብርቱ ስለሚመስለው። በብርድ አዎን፣ ይበልጠናል። በሙቀት ግን አንገናኝም። ውሻ ላብ የሚወጣው ከመዳፎቹ ሥር ብቻ ነው፤ ያም ኢምንት ነው። ጠጉር የለበሰው ያ ሁሉ አካል አይረዳውም። ያለው መሣሪያ ማለክለክ ብቻ ነው። አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን ዘርግቶ አየሩን ሲያመላልስ፣ ከምላሱና ከአፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት እየተነነ ደሙን ያበርድለታል። ስለዚህ ውሻ ሲያለከልክ ደክሞት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ማራገቢያውን ከፍቶ ነው። ማራገቢያው ደግሞ የሚሠራው በውሃ ነው። ውሃው ካለቀ፣ ወይም አየሩ ራሱ ከሰውነቱ እኩል ከሞቀ፣ ማለክለኩ ራሱ ሥራ ይሆንበትና ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥርበታል።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። በእኛ መለኪያ ትኩሳት ያለበት ማለት ነው፤ ለእሱ ግን ልኩ ነው። 41ን ሲያልፍ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል፤ ኩላሊቱ፣ አንጀቱ፣ የደሙ አረጋግ ሳይቀር ይቃወሳል። ከ39 እስከ 41 ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ሁለት ዲግሪ ነው። አንድ ጥላ የሌለው ዳገት ይበቃዋል።

ሌላም አለ። ውሻ የሚሄደው ከመሬት በክንድ ከፍታ ነው። እኛ ፊታችን ላይ ንፋስ ሲነካን እሱ ከሥሩ ከድንጋዩ የሚነሣውን ወላፈን ይጠጣል። በዚያ ላይ እኛ በጫማ ነን። የአሪዞና መሬት አየሩ ደህና በሚመስልበት ቀን እንኳ ከአየሩ እጥፍ ሊግል ይችላል። አገሬው ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለው። የእጅህን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርግና እስከ ሰባት ቁጠር። ሳትጨርስ እጅህን ካነሣህ ውሻህም አይሄድበትም። ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ አዳማና ድሬዳዋ አስፋልት ላይ ውሻችሁን ይዛችሁ ለምትወጡም ይሠራል።

ፊኒክስ የምትባለው የግዛቱ ዋና ከተማ፣ የእኛም ወገኖች የሚኖሩባት ከተማ፣ ይህን በሕግ አድርጋዋለች። ከ2016 ጀምሮ ሙቀቱ 100 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ በከተማው የተራራ መንገዶች ላይ ውሻ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ሕጉ ሲወጣ «የራሴን ውሻ እኔ አላውቅም?» ያለ አይጠፋም። በ2023 የሙቀት ወራት በዚያች ከተማ የቀኑ ሙቀት ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ሕጉ አልበዛም እላለሁ።

«የራሴን ውሻ እኔ አላውቅም?» የሚለው ነገር ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ እዚያ ላይ ነው። በቅሎ ሲበቃት ትቆማለች። አህያ ጭነት ሲበዛበት ይተኛል፤ ብትደበድበውም አይነሣም። ፍየል ጥላ ካየች አትነቃነቅም። ውሻ ብቻ «በቃኝ» አይልም። የሚሄደው ለመድረስ አይደለም፤ ከሰውዬው ላለመለየት ነው። ሰውዬው እስከሄደ ድረስ እሱም ይሄዳል። ከዚያ ይወድቃል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሰው በከንቱ ሲሞት «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን፤ የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለታችን ነው። በረሃ ላይ ያለ ውሻም ጠያቂው ያው አብሮት የሚሄደው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰውዬው የውሻውን አካል ማንበብ አለበት። ጠዋት ሁሌ ከፊት የሚቀድም ውሻ ከኋላ ሲሄድ ካገኘኸው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደርሶሃል። ከጥላ ወደ ጥላ ሮጥ እያለ፣ ጥላው ሥር ቆሞ አንተን እየጠበቀ ከሆነ፣ ሁለተኛው ነው። መሬቱን ጭሮ ቀዝቃዛውን አፈር ፈልጎ ሆዱን ካስተኛበት፣ ከዚያ በኋላ መንገድ የለም፤ ያ ቦታ ማረፊያችሁ ነው። ምላሱ ረዝሞ ጫፉ እንደ ማንኪያ ሲሰፋ፣ ለሃጩ ሲወፍር፣ ድዱ ከልክ በላይ ሲቀላ፣ ሲንገዳገድ ወይም ሲያስመልሰው፣ ያኔ አደጋ ውስጥ ነው። ጥላ ውስጥ አስገብቶ ያለውን ውሃ በሆዱ፣ በብብቱና በጭኖቹ መሐል ማፍሰስ፣ ከዚያ በባርኔጣም በልብስም ማራገብ ነው። እርጥብ ፎጣ ደርቦ መተው አይጠቅምም፤ ፎጣው ራሱ ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ያፍነዋል። ነቅቶ ጭራውን ቢቆላ እንኳ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው «ዳነ» አይባልም፤ የውስጥ ጉዳቱ በማግሥቱ ሊወጣ ይችላልና።

እነዚህን ምልክቶች አላየሁም የሚል መንገደኛ ብዙ ጊዜ ያላየው ከፊት ስለሚሄድ ነው። ውሻን በረሃ ላይ ከኋላ አስከትሎ መሄድ ጥሩ አይደለም። ከፊት ወይም ከጎን ቢሆን፣ ዓይን ካረፈበት፣ ነገሩ በጊዜ ይታያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የውሃውን ሒሳብ እንሥራ። አንድ 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ቤት ተኝቶ ቢውል በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ያላነሰ ውሃ ቢያገኝ ጥሩ ነው። በሙቀት ሲሄድ እጥፍም ከእጥፍ በላይም ይፈልጋል። ሦስት ሊትር እንበል። ሰውየው ራሱ ደግሞ አምስት ሊትር። ስምንት ሊትር ማለት ስምንት ኪሎ ነው፤ ምግብ፣ መኝታ፣ ልብስ ሳይነካ። በአሪዞና ደቡብ ከምንጭ እስከ ምንጭ 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆንባቸው ክፍሎች አሉ። አንዳንዱ «ምንጭ» ደግሞ ካርታ ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ሲደርሱ ድንጋይ ነው። እናም ሰዉ የሚጠጣው የከብት አርቢዎች ካቆሙት ገንዳ፣ በንፋስ ኃይል ከሚቀዳ ጉድጓድ፣ ደግ ሰዎች በየመንገዱ መገናኛ ካስቀመጡት ጀሪካን ነው። የመጨረሻውን ተማምኖ መውጣት ሞኝነት ነው፤ ከእኔ በፊት ያለፈው ጨርሶት ሊሆን ይችላላ።

የከብት ገንዳ ለውሻ ሌላ መዘዝ አለው። ረግቶ የሰነበተ፣ ላዩ ሰማያዊ አረንጓዴ የለበሰ ውሃ አንዳንድ ጊዜ መርዛማ አልጌ ይኖረዋል። ሰው ያየውና ይጸየፈዋል። ውሻ ግን ዘሎ ገብቶ፣ ጠጥቶ፣ ወጥቶ ጠጉሩን ይልሳል። በሰዓታት ውስጥ ጉበቱን ወይም ነርቩን ሊገድለው ይችላል። ማጣሪያም አያድነውም፤ ማጣሪያ ተውሳክን እንጂ በውሃው የሟሟ መርዝን አይዝም። ስለዚህ ውሃ ሲቃረብ ውሻው በገመድ ይያዛል፤ ቀድሞ ደራሽ እንዳይሆን።

ጤነኛ አዋቂ ውሻ የክብደቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ሸክም ቢሸከም ችግር የለውም ይባላል። 25 ኪሎ ለሚመዝነው ሦስት ኪሎ ገደማ፤ ምግቡንና ማጠጫ ሳህኑን ይዞ መሄድ ይችላል ማለት ነው። በሙቀት ቀን ግን ጭነቱ ራሱ ጀርባውን ያፍነዋልና አውርዶ ራስ መሸከም ነው። ከሁለት ወር ጉዞ ውስጥ ሰው የውሻውን ዕቃ ስንት ቀን እንደሚሸከም ብትጠይቁኝ፣ ከሚያስበው በላይ ነው እላችኋለሁ።

እሾህ ደግሞ አለ። ቾላ የሚባል የበለስ ዘመድ በዚያ በረሃ በሽ ነው። ሩቅ ሲታይ ለስላሳ ጠጉር የለበሰ ይመስላል። ቁርጥራጩ ገና ሳይነኩት ዘሎ የያዘ እስኪመስል ድረስ ይጣበቃል፤ እሾሁ በዓይን የማይታይ ጥርስ ስላለው መግባት እንጂ መውጣት አይወድም። ውሻ እግሩን ሲወጋው በአፉ ሊያወጣው ይሞክራል፤ ያኔ ምላሱና ከንፈሩ ይያዛሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ተራ የጸጉር ማበጠሪያ ነው። ማበጠሪያውን በቁርጥራጩና በቆዳው መሐል አስገብቶ ወደ ውጭ በአንዴ መወርወር፤ የቀረችውን እሾህ በፒንሳ መንቀል። ማበጠሪያ በረሃ ምን ይሠራል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

መዳፉን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ከመነሣት በፊት ባሉት ሳምንታት በሻካራ መሬት ቀስ በቀስ ማለማመድ፣ ጥፍሩን መቁረጥ፣ ጫማውን ቤት ውስጥ አስቀድሞ ማስለመድ ነው። ጫማ ያጠለቀ ውሻ የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደሚራመድ ያላየ ሰው ሳቅ አላየም። እግሩን ከወገብ በላይ እያነሣ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየታዘበ ነው የሚሄደው። ማታ ማታ ድንኳን ከተተከለ በኋላ በጣቶቹ መሐል እየከፈቱ ማየት ከእራት ይቀድማል።

እባብ አለ፤ ጭራውን እያንኳኳ የሚያስጠነቅቀው ራትልስኔክ። አሪዞና ውስጥ አሥራ ሦስት ዓይነት ይገኛል። ውሻ ድምፁን ሲሰማ ምንድን ነው ብሎ አፍንጫውን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚነደፈው ፊቱን ወይም የፊት እግሩን ነው። መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ሁሉ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ውሻውን እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ፣ ከተቻለ ተሸክሞ፣ መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት ወዳለው ሐኪም ማድረስ ብቻ ነው። 25 ኪሎ ተሸክሞ ከበረሃ መውጣት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ገመዱን አይፈታም። በዝናቡ ወራት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ማታ ማታ ትልልቅ ጉርጦች ይወጣሉ። ውሻ በአፉ ከያዛቸው ከዓይናቸው ጀርባ ካለው ዕጢ መርዝ ይወጣል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል። አፉን ከጎን ወደ ውጭ በሚፈስ ውሃ ማጠብ የመጀመሪያው እርዳታ ነው፤ ወደ ጉሮሮው እንዳይገባ አንገቱን ወደ ታች ደፋ አድርጎ።

አፈሩም ራሱ አንድ በሽታ አለው፤ የሸለቆ ትኩሳት ይሉታል። በደረቅ አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ከአቧራው ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። ሰውንም ይይዛል፤ መሬት ጭሮ የሚያሸት ውሻ ግን ይበልጥ ይጋለጣል። ሳል፣ ምግብ መጥላት፣ አንዳንዴም አጥንት ውስጥ ገብቶ ማነከስ ያስከትላል፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ከአሪዞና ተመልሶ ወደ ሌላ ግዛት የሄደ ሰው ውሻው ከሳምንታት በኋላ ማሳል ከጀመረ፣ የት እንደነበር ለሐኪሙ መንገር አለበት። ሌላ ግዛት ያለ ሐኪም ይህን በሽታ ቶሎ ላያስበው ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደሚያከራክረው ነገር ደረስን። ይህ ሁሉ ተችሎ እንኳ፣ ውሻ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ አይችልም። ይከለከላል። ቱሳን ከተባለችው ከተማ አጠገብ ያለው የሳጓሮ ብሔራዊ ፓርክ በእግር መንገዶቹ ላይ ውሻ አያስገባም፤ የእኛ መንገድ ደግሞ በሪንኮን ተራሮች በኩል በዚያው ያልፋል። በሳንታ ካታሊና ተራሮች ባለ ትልልቅ ቀንድ ለሆኑ የዱር በጎች ሲባል ውሻ የማይገባበት ክልል አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግራንድ ካንየን ነው። እዚያ ውሻ አፋፉ ላይ በገመድ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ከአፋፉ በታች ግን አንዲት እርምጃ አይፈቀድም።

አንዳንድ ውሻ ወዳዶች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። «ውሻዬ ማንን ጎዳ?» ይላሉ። እኔ በዚህ ነገር ከከልካዮቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ባሌ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቀርቷል። ካጠቁት ነገሮች አንዱ ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 በገባው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። ውሾቹ ክፉ አልነበሩም፤ ከእረኞች ጋር ከብት የሚጠብቁ፣ እንደ ቡቺ ያሉ ውሾች ነበሩ። በሽታ ባይኖር እንኳ የውሻ ሽታ ብቻ ለዱር በግ የአዳኝ ሽታ ነው፤ ሣሩን ትቶ ገደል ይወጣል። ግራንድ ካንየን ውስጥ ደግሞ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ በቅሎዎች አሉ። ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ውሻ የደነገጠች በቅሎ ምን እንደምታደርግ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እና ምን ይደረጋል? ውሻውን ሌላ ሰው በመኪና አዙሮ ያደርሰዋል። ግራንድ ካንየንን ከደቡቡ አፋፍ ወደ ሰሜኑ አፋፍ በዓይን ሲያዩት በአየር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ዞሮ ለመድረስ ግን 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አራት አምስት ሰዓት። በብርዱ ወራት ደግሞ የሰሜኑ መንገድ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ባለቤቱ ወደ 1,450 ሜትር ጥልቀት ወርዶ፣ ኮሎራዶ ወንዝን ተሻግሮ፣ በማዶ ሲወጣ፣ ውሻው በመስኮት አፍንጫውን አውጥቶ በረሃውን ይዞራል። ደቡቡ አፋፍ ላይ ውሻ ማቆያም ስላለ፣ እዚያ አስቀምጠው ካንየኑን በአንድ ቀን በከፊል አይተው የሚመለሱም አሉ።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ መንገዱን ከነጭራሹ በሁለት ይከፍሉታል። ደቡቡን፣ ቆላውን፣ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ከሞጎሎን አፋፍ ወዲያ፣ ደጋው ሲጀምር፣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ውሻውን ያመጣላቸውና በጥዱ ሥር አብረው ይቀጥላሉ። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ይህን ነው። ጥላ አለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ መሬቱ ላይ የወደቀ የጥድ ቅጠል ለመዳፍ ምንጣፍ ነው። «ሙሉውን አብረን ሄድን» ብሎ ለመናገር አይመችም፤ ግን ውሻው ይህን ለማንም አያወራም።

ጨርሶ የማይወሰዱም አሉ። አጥንቱ ገና ያልጠነከረ ቡችላ፣ ዕድሜው የገፋ፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ የቡልዶግ ዓይነት ውሻ። የመጨረሻው በዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እንኳ የሚያለከልክ ነው፤ ማራገቢያው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የጠበበ ነው።

አሁን ሳስበው አባቴ ድንጋይ ያነሡ የነበሩት ጠልተውት አልነበረም። ገበያው ቆላ ነበር። ጠዋት መውረዱ ለሁሉም ቀላል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያን ዳገት ጨው ተሸክሞ መውጣት ነው የሚያስቸግረው። አንድ ቀን ቡቺ በአቋራጭ ቀድሞን፣ ተከትሎን ወርዶ፣ ስንመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ አንዲት ግራር ሥር ሆዱን መሬት ላይ አስተኝቶ አልነሣ አለ። እኔ በአርጩሜ ልቀሰቅሰው ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። ጨዉን አውርደው አጠገቡ ተቀመጡ። ፀሐይዋ እስክትዞር እዚያው ቆየን። ከቅሉ የቀረችውን ውሃ በመዳፋቸው አድርገው ሰጡት፤ እኔ ጠምቶኝ እያየሁ። ቤት የደረስነው ጨልሞ ነው፤ እናቴ ፋኖስ ይዘው ደጅ ቆመው ነበር።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)